ጌተም ቀኑን ሲስት፦ በደን ማርና በደን ቡና ለሚተዳደሩ፣ ከስህተታችን የወጣ ምክር

በካፋ፣ በሸካና በማጃንግ ጫካ የሚኖር ንብ አናቢ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ቀን መቁጠሪያ አያስፈልገውም ነበር። ክረምቱ ሲያልፍ ዋንዛ ያብባል፤ በበጋ ግራዋ ይከተላል፤ የመጀመሪያው ዝናብ ጠብ ሲል ቡና ይነጣል፤ ከመጋቢት ጀምሮ ካፋዎች ቡቶ የሚሉት የጌተም ዛፍ በአበባ ይፈነዳል፤ የክረምቱ በር ላይ ብሳና ይዘጋዋል። ቀፎ የሚሰቀለው፣ ማር የሚቆረጠው፣ ዕዳ የሚከፈለው፣ ለልጅ ደብተር የሚገዛው ይህን ሰልፍ ተከትሎ ነው። የአየር ንብረቱ ሲለወጥ ቀድሞ የተዛባው ይኸው ሰልፍ ነው። ደኑ ከሩቅ ሲያዩት እንደ ድሮው አረንጓዴ ነው፣ ስለዚህ ከከተማ የመጣ እንግዳ "ምን ጎደለባችሁ?" ይላል። የጎደለው ቅጠል አይደለም፤ ወቅቱ ነው።

ነገሩን በቁጥር ለሚፈልግ፦ የአገሪቱ አማካይ ሙቀት እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ በ1.3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ጨምሯል። ተራራ ላይ 100 ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር ሙቀቱ በ0.6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ አንድ የቡና ወይም የጌተም ደን ባለበት ቆሞ 200 ሜትር ያህል ወደ ቆላ የወረደ ያህል ሞቆታል ማለት ነው። ዛፍ እግር የለውም፤ ንብ ግን ክንፍ አለው፣ ሰውም ቀፎውን ማንሳት ይችላል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በዚህ ልዩነት ላይ የቆመ ነው።

የሚከተለው ከማርና ከቡና ኅብረት ሥራ ማኅበራት ጋር በተሠራ ሥራ ውስጥ የተማርነው ነው። አብዛኛውን የተማርነው ተሳስተን ስለሆነ፣ ስህተቱን ሳልሸፍን እጽፋለሁ።

የመጀመሪያው ስህተታችን በቀን መቁረጥ ነው። ገዢው መኪና የሚልክበት ቀን ተቆርጦ ነበር፤ ግንቦት 20። በዚያ ዓመት የበልጉ ዝናብ ዘግይቶ ጌተሙም አብሮ ዘገየ። ግንቦት 20 ሲደርስ ዛፉ ላይ ገና አበባ ነበር፣ ንቦቹም ገና ቀሰም ያመላልሱ ነበር። ቢሆንም መኪናው ስለሚመጣ ተቆረጠ። የማር እንጀራው ሲታይ ነጭና ያማረ ነው፤ ግን ማር ከሚሞላባቸው ሦስት ዓይኖች አንዱ ብቻ ነበር በሰም የተከደነው። ተጣርቶ በርሜል ውስጥ ገባ። ሐምሌ ላይ መጋዘኑ ሲከፈት የሁለት በርሜል ክዳን ወደ ላይ ጎብጧል። መቆለፊያው ፈታ ሲል ሽው ብሎ አየር ወጣ፣ ከዚያ ቢጫ አረፋ በበርሜሉ ጎን ወረደ። ሽታው የማር ሳይሆን የጠጅ ነበር። አንድ ሰው ጣቱን ነክሮ ቀመሰና ምንም ሳይናገር ክዳኑን መለሰው።

በማግስቱ ዓመት "ካሁን በኋላ አንቸኩልም" ተባለና ተቃራኒውን ስህተት ሠራን። ጌተሙ ቀድሞ አበበ፣ ቀድሞም ረገፈ። እኛ ግን ግንቦት መጨረሻን ጠበቅን። በመሀል ከባድ ዝናብ ገባ፤ ንቦቹ መውጣት ሲያቅታቸው የከደኑትን ማር ከፍተው በሉት። ባዶና ጥቁር እንጀራ ወረደ። ሁለት ዓመት፣ ሁለት ተቃራኒ ጥፋት፣ ምክንያቱ ግን አንድ፦ ዛፉን ትተን ቀን መቁጠራችን።

መፍትሔው የመጣው ከሽማግሌዎቹ ነው። ድሮም ያውቁት ነበር፤ የጠየቃቸው አልነበረም እንጂ። ማር መድረሱን የሚያውቁት በአራት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከዛፉ ሥር የረገፈው አበባ ቡናማ ሆኖ፣ አዲስ ነጭ አበባ ሳይጨመርበት ሁለትና ሦስት ቀን ሲያድር። ሁለተኛ፣ በቀፎው አፍ ያለው ምልልስ ሲቀዛቀዝና ንቦቹ ጠዋት ዘግይተው መውጣት ሲጀምሩ። ሦስተኛ፣ ድንጉላዎቹ (ወንዶቹ ንቦች) እየተጎተቱ ሲባረሩ፤ ቀሰም ሲያልቅ ሥራ ፈቶችን መቀለብ የለም። አራተኛው ሽታ ነው፤ ማታ ከቀፎው ሥር ሲቆሙ ጎምዘዝ ያለው የትኩስ ቀሰም ሽታ ጠፍቶ የሰም ሽታ ሲተካ። አራቱም ሲገጥሙ አንድ ቀፎ ተከፍቶ ይታያል። ከአንድ እንጀራ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው፣ የሚሻለው ደግሞ ከአሥር ዓይን ስምንቱ፣ በሰም ከተከደነ ይቆረጣል። ካልሆነ ቀፎው ተመልሶ ይዘጋል። ከገዢ ጋር ስትዋዋሉ ውሉ ውስጥ ቀን አታስገቡ፤ "ከማሳወቂያ በኋላ በ10 ቀን ውስጥ" የሚል ሐረግ አስገቡ። ይህችን አንዲት ሐረግ ለማስገባት የተደረገው ክርክር ከማንኛውም ሥልጠና በላይ ጠቅሟል።

አሁን ወደ አቆራረጡ ልግባ፤ አብዛኛው ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ነው። በባህላዊ ቀፎ እጭ (ገና ያላደገው የንብ ልጅ) ያለው በመግቢያው በኩል ነው፣ ማሩ በጀርባ። ስለዚህ የሚከፈተው ሁልጊዜ ጀርባው ነው። ወደ ፊት እየቆረጡ ሲሄዱ የእጭ እንጀራ ከታየ ወዲያው ማቆም ነው። ከዚያ በፊት ያሉት ሦስት ወይም አራት የማር እንጀራዎች ለንቦቹ ይቀራሉ። ድሮ ክረምቱ የሚያልቅበት ጊዜ ይታወቅ ስለነበር ሁለት መተውም ይበቃ ይሆናል። አሁን ዝናቡ እስከ ጥቅምት ሲጎተት፣ ወይም መሀሉ ላይ ተቋርጦ አበባው ሲመክን፣ በሁለት እንጀራ የቀረ ኅብረ ንብ ይራባል ወይ ይኮበልላል። ባዶ ቀፎ ደግሞ በሰም ብል ይወረራል። አንድ ኪሎ ለማትረፍ የሚቀጥለውን ዓመት እስከ ስምንት ኪሎ ማጣት ማለት ነው፤ ባህላዊ ቀፎ በአማካይ የሚሰጠው ከ5 እስከ 8 ኪሎ ነውና።

ዛፉ ሥር ሦስት ዕቃ ይቀመጥ። አንዱ ሙሉ በሙሉ ለተከደነው፣ አንዱ ላልተከደነውና የአበባ ዱቄት ለተቀላቀለበት፣ አንዱ ለባዶው እንጀራ። የሚለየው እዚያው፣ በባትሪ ብርሃን ነው። "ቤት ገብተን እንለያለን" የሚባለው አይሠራም፤ እስከ ቤት ድረስ በጉዞው ተሰባብሮ አንድ ይሆናል። ዕቃው የምግብ ፕላስቲክ፣ ክዳኑ የሚገጥም ይሁን። ጋዝ፣ ማዳበሪያ ወይም ፀረ ተባይ የነበረበት ጀሪካን አሥር ጊዜ ቢታጠብም ለማር አይሆንም። የዛገ ቆርቆሮም እንዲሁ።

ማር እርጥበትን ከአየር ይስባል፤ ብዙ ሰው ይህን አያምንም። ሃያ በመቶ ውሃ ያለው ማር በጭጋግ ሌሊት ክዳኑ ተከፍቶ ካደረ ጠዋት ላዩ ሃያ አንድና ሃያ ሁለት ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ፣ በኮዴክስ፣ የማር እርጥበት ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ እርሾ የሚነሳበት አደጋ ግን ከ19 በላይ ጀምሮ አለ። ስለዚህ ማጣራቱ ከረፋድ በኋላ፣ ጭጋጉ ሲነሳ፣ ደረቅ ክፍል ውስጥ ይሁን፤ በመሀል ዝናብ ከመጣ መክደንና ማቆም ነው። በሰፈር አንድ ሪፍራክቶሜትር (የማርን እርጥበት የሚለካ መሣሪያ) ይበቃል። አነባበቡ ቀላል ነው፦ መስተዋቱን በደረቅ ጨርቅ ጠርጉ፣ አንድ ጠብታ ከዕቃው መሀል ውሰዱ እንጂ ከላይ አትውሰዱ፣ ክዳኑን ጫኑና አንድ ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ አንብቡ። መሣሪያው የተስተካከለው ለ20 ዲግሪ ሙቀት ስለሆነ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ የነበረ ማር ትክክለኛውን ንባብ አይሰጥም። እያንዳንዱ ባልዲ በየራሱ ይለካ። ስህተታችን የነበረው ከበርሜሉ አንዴ መለካት ነው፤ አማካዩ 20 ይላል፣ ውስጡ ግን 23 የነበረ ባልዲ አለ፣ እርሾው እዚያ ተነስቶ ሁሉንም ያዳርሳል። ከ20 በላይ የወጣውን አታቀላቅሉ፣ አታከማቹ፤ በሳምንቱ ውስጥ ለጠጅ ቤት ሽጡት። ዋጋው ዝቅ ይላል፣ በርሜሉ ግን ይተርፋል።

እሳት ላይ አስቀምጦ ውሃውን ማትነን የሚሞክር አለ። አይሆንም። ሙቀት ማር ውስጥ ኤች ኤም ኤፍ የሚባለውን ውሁድ ያበዛል፣ ላቦራቶሪም ያገኘዋል፤ ከሞቃት አገር ለሚመጣ ማር ጣሪያው በኪሎ 80 ሚሊ ግራም ነው። የጌተም ማር ቶሎ ረግቶ ነጭ ቅቤ ይመስላል፤ ይህ ጥራቱ ነው፣ ብልሽት አይደለም። ማፍሰስ ካስፈለገ ዕቃውን ከ40 ዲግሪ ያልበለጠ፣ እጅ የሚታገሠው ሙቅ ውሃ ውስጥ ማቆየት ይበቃል። ሰሙንም አትጣሉ። ከባህላዊ ቀፎ የሚወጣው ምርት ከ8 እስከ 10 በመቶው ሰም ነው፣ ሰም ደግሞ እንደ ማር አይቦካም፣ ቶሎ አይበላሽም፤ ማሩ የከዳ ዓመት ላይ ቤት የሚያቆመው እሱ ነው።

ስለ ጢስ አንድ ነገር። ድሮ ማር በችቦ ይቆረጥ ነበር፤ ጫካው ሁሌም እርጥብ ስለሆነ ከላይ የወደቀ ፍም ረጥቦ በቆየ ሳር ላይ ወድቆ ይጠፋ ነበር። አሁን በጋው ሲረዝም ከዛፉ ሥር ያለው ቅጠል ከእግር በታች ይንኮሻኮሻል። ከአሥርና ከአሥራ አምስት ሜትር ከፍታ የወደቀ ፍም ሌሊቱን ሙሉ ከሥር ሲጤስ አድሮ ረፋድ ላይ ነፋስ ሲያገኝ ይነሳል። በዚያን ሰዓት ቆራጩ ቤቱ ተኝቷል። ክዳን ባለው ማጨሻ፣ ደረቅ ኩበት ተጠቅመው ይቁረጡ፤ አንድ ሰው 5 ሊትር ውሃ ይዞ ሥሩ ይቁም፤ ከመሄድ በፊት አመዱ ውሃ ፈስሶበት በእጅ ይዳሰስ። በውስጠ ደንቡ ላይ በችቦ መቁረጥን የከለከሉ ማኅበራት በደን ጠባቂ ብዛት ከሚታመኑት የተሻለ ውጤት አይተዋል ባይ ነኝ።

ሁለተኛው ትልቁ ስህተት የዘመናዊ ቀፎ እደላ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ይመስል ነበር፦ ምርቱ ይጨምራል፣ ሰው ዛፍ አይወጣም፣ ዛፍም አይቆረጥም። ቀፎዎቹ መጡ፣ መሬት ላይ ተደረደሩ፣ አብዛኞቹ ግን ባዶ ቀሩ ወይም ጉንዳን ገባባቸው። ባለ ፍሬም ቀፎ የተዘጋጀ የሰም መሠረት፣ ማር ማጣሪያ ማሽንና በየሳምንቱ የሚያይ ዓይን ይፈልጋል። ደን ውስጥ ተበታትኖ ለሚኖር ሰው ሦስቱም የሉም። ንቡም የለመደው ከፍታ፣ ነፋስና የዛፍ ጥላ ነው። በኋላ የተሻለው በባህላዊውና በዘመናዊው መሀል ያለው፣ ከቀርከሃና ከሐረግ እዚያው የሚሠራው የሽግግር ቀፎ ሆነ። አንድ ነገር ብቻ አትሳቱ፦ ንቡ እንጀራውን የሚያንጠለጥልበት የላይኛው ዘንግ ወርድ 32 ሚሊ ሜትር ነው። 35 ካደረጋችሁት ንቡ ሁለት ዘንግ አያይዞ እንጀራውን አጣሞ ይሠራል፣ ሲከፈትም ይቀደዳል። ከዘንጉ ሥር መሀል ለመሀል ቀጭን የሰም መስመር ቀቡ። ማቆሚያው አንድ ሜትር ያህል ከፍ ይበል፣ እግሮቹ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ባለበት ጣሳ ውስጥ ይቁሙ፣ ጣሳውም በየሁለት ሳምንቱ ይታይ፤ ዝናብ ከሞላው ጉንዳኑ ተሻግሮ ይገባል።

የተሰቀለውን ቀፎ ግን ሁሉንም አታውርዱ። አዲስ የንብ መንጋ የሚገባው እሱ ውስጥ ነው፣ ከዚያ ወደ ሽግግሩ ይዛወራል። ቀፎ ለመሥራት ደግሞ የቆመ ዛፍ ዙሪያውን ቅርፊቱን መላጥ ያ ዛፍ በቁሙ እንዲደርቅ መፍረድ ነው፤ የወደቀ ግንድ፣ ቀርከሃ ወይም የተሸመነ ሐረግ ያገለግላል። ሐረጉም ሥሩ ተነቅሎ አይወሰድ፤ ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ከተቆረጠ ተመልሶ ያቆጠቁጣል።

ከሁሉም በላይ የረዳው ቀፎውን በከፍታ መከፋፈል ነው። ሃያ ቀፎ ያለው ሰው ሃያውንም አንድ ሸለቆ ውስጥ የሚሰቅል ከሆነ አንድ ከባድ ዝናብ በአበባው ሳምንት ቢወርድ ቀሰሙ ታጥቦ ዓመቱ አለቀ ማለት ነው። ወደ ጎጀብ ሸለቆ ዝቅ ባለው በኩል ስድስት፣ መሀል ላይ ስምንት፣ ወደ ደጋው ስድስት ቢሆን አበባው በሳምንታት ልዩነት ስለሚደርስ አንዱ ቢሳሳት ሌላው ይደርሳል። ግን ይህ የሚቻለው ከፍ ባለው ጫካ ቦታ የሚሰጥ ዘመድ ወይም ስምምነት ሲኖር ነው። ለዚህ ነው ጉዳዩ ወዲያው ወደ ይዞታ የሚወስደን።

በሸካና በካፋ ደኑ ባለቤት አልባ ሆኖ አያውቅም። ኮቦ የሚባል ነባር ሥርዓት አለ፤ ይህ ክፍል የእገሌ ወገን ቀፎ መስቀያ ነው ተብሎ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ። በኢትዮጵያ አሳታፊ የደን አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ቦንጋና ጭልሞ ላይ ሲጀመር ዓላማው ሕዝቡን ከደኑ ጋር በውል ማስተሳሰር ነበር፣ ጥሩም ሠርቷል። እኛ በተሳተፍንበት አንድ ቦታ ግን ካርታው ሲሳል ኮቦ አልተጠየቀም። ሁሉም አባል እኩል መብት አለው ተብሎ ተጻፈ። ወረቀቱ ላይ ፍትሐዊ ነው፤ በተግባር ግን ለሦስት ትውልድ ዛፉን የጠበቀው ሰው በአንድ ቀን ከሌላው እኩል ሆነ፣ ከዚያም መጠበቁን ተወ። በሌላ በኩል ደግሞ ኮቦ የሌላቸው አሉ፤ በካፋ ለረጅም ዘመን በሌላው ሲገለሉ የኖሩት ማንጆዎች ዋነኞቹ ናቸው። ኮቦን ብቻ ማጽናት እነሱን በሩ ላይ ማስቀረት ነው።

የሠራው መንገድ አሰልቺ ነው፣ አቋራጭ ግን አላገኘንለትም። መጀመሪያ ከሽማግሌዎች ጋር በእግር እየተዞረ ድንበሩ፣ ጅረቱ፣ ባለ ቀፎ ዛፉ ይመዘገባል። ከዚያ ሴቶችና ኮቦ የሌላቸው ለብቻቸው ይሰበሰባሉ፤ አንድ ላይ ሲሆን አይናገሩም። ከዚያ መብቱ በዓይነት ይከፈላል፦ ቀፎ መስቀል የኮቦው፤ ኮረሪማና ጥምዝ መልቀም፣ የወደቀ እንጨት መሰብሰብ የሁሉም። ኮቦ የሌለው በተራቆተው የደን ጠርዝ የሽግግር ቀፎ ማስቀመጫ ቦታ ይሰጠዋል፣ ይህም ስሙ ተጠቅሶ በጽሑፍ። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የማኅበረሰብ ደንንና የማኅበር ደንን የይዞታ ዓይነት አድርጎ ስለሚያውቅ፣ ማኅበሩ በዚህ ስም ተመዝግቦ ሰነዱን በእጁ መያዙ ልዩነት ያመጣል። ካፋ እ.ኤ.አ. በ2010፣ ሸካ በ2012፣ ማጃንግ በ2017 በዩኔስኮ ባዮስፌር ሪዘርቭነት (ሰውና ተፈጥሮ አብረው የሚጠበቁበት ክልል ሆነው) መመዝገባቸው ስምና ጥበቃ ይጨምራል፤ የይዞታ ወረቀት ግን አይተካም።

ደኑ ለያዘው ካርቦን የሚከፈልበትን የካርቦን ውል ይዞ የሚመጣ ካለ አትቸኩሉ። ውሉ ስንት ዓመት ነው? ከሽያጩ ለማኅበሩ የሚደርሰው ከጠቅላላው ነው ወይስ ወጪ ከተቀነሰ በኋላ? ቀፎ መስቀልና ኮረሪማ መልቀም እንደ "ጉዳት" ይቆጠራል ወይ? ደኑ በእሳት ወይም በድርቅ ቢጎዳ ተጠያቂው ማን ነው? አራቱ መልስ በምታነቡት ቋንቋ ካልተጻፈ ፊርማው ይቆይ።

ስለ ቡና አጭር ልበል፤ ብዙ ስለተጻፈበት። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት፣ ምንም ካልተደረገ በኢትዮጵያ አሁን ቡና ከሚበቅልበት መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው ለቡና የማይመች ሊሆን እንደሚችል ገምቷል። ይህን ሰምቶ "ምርት ይጨምር" ብሎ ጥላውን የሚያሳሳ ገበሬ አለ፤ ሁለትና ሦስት ዓመት ያፈራለትና ከዚያ ዛፉ ይዝላል። ሙቀት በጨመረ ቁጥር ጥላ ይበልጥ ያስፈልጋል እንጂ አያንስም። ቡናው ሥር ቆማችሁ ቀና ስትሉ ከሰማዩ ግማሽ ያህሉ በቅርንጫፍ ከተሸፈነ ልክ ነው። ቡናው ሥር ስትመነጥሩ ችግኝ ሆኖ የወጣውን የዛፍ ዘር ሁሉንም አትጨዱ፤ በየአሥር እርምጃው አንድ ዋንዛ ወይም ሰሳ ምልክት ተደርጎበት ይቅር፣ አለበለዚያ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚተካ ጥላ አይኖርም።

ወቅቱን ያልጠበቀ ትንሽ ዝናብ ቡና በከፊል እንዲያብብ ያደርጋል፤ ከዚያ አንድ ቅርንጫፍ ላይ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ አብሮ ይገኛል። መፍትሔው ለቀማውን ሦስትና አራት ዙር ማድረግ ነው፤ ልፋት አለው። መሬት ላይ የወደቀውንና ዛፍ ላይ የደረቀውን ፍሬ በመጨረሻው ዙር ማጥራት ግዴታ ነው፣ ፍሬ ቀዳጁ ጥንዚዛ ወደሚቀጥለው ወቅት የሚሻገረው እዚያ ውስጥ ነውና፣ ሙቀት ሲጨምርም በዓመት ደጋግሞ ይራባል። ጀንፈሉን (ከነገለባው የሚደርቀውን ቡና) መሬት ላይ አታስጡ፤ አልጋ ላይ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት፣ ቀን ቀን እየተገላበጠ፣ ማታና ዝናብ ሲመጣ ተሸፍኖ፣ እርጥበቱ 11 እና 12 በመቶ እስኪደርስ። የሚሸፈንበት ሸራ ፍሬው ላይ አይተኛ፣ አየር ያስገባ፤ ካልሆነ በውስጡ ያልበዋል፣ ይሻግታል። ቡናው ወደ አውሮፓ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ከታኅሣሥ 31፣ 2020 (እ.ኤ.አ.) በኋላ ደን ከተመነጠረበት መሬት አለመምጣቱ እንዲረጋገጥ የሚጠይቅ ሕግ ወጥቷል፤ ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ተደጋግሞ ቢገፋም የማሳችሁን የመገኛ ነጥብ (በጂፒኤስ የሚወሰደውን) አሁኑኑ አስመዝግቡ። ከ4 ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል። ማር በዚህ ሕግ ውስጥ የለም።

ኮረሪማና ጥምዝ ከጥላ ሲወጡ ቀድመው የሚሞቱ ናቸው። ኮረሪማ የሚያብበው ከመሬት ሥር ለሥር ስለሆነ ከብት አንዴ ካለፈበት የዓመቱ ፍሬ ሄደ። በለቀማ ጊዜ ቀይ የሆነውን ብቻ በመቁረጫ ቁረጡ፤ መንጭቆ መሳብ የሚቀጥለውን ቡቃያ አብሮ ያወጣል።

የመጨረሻው ነገር መዝገብ ነው። ድንግዝግዝ ውስጥ ከመገመት ያወጣን እሱ ነው። ዝናብ መለኪያው ጎኑ ቀጥ ያለ ጣሳ ነው፤ ገላጣ ቦታ ላይ፣ ቅርቡ ካለው ዛፍ ከቁመቱ ሁለት እጥፍ ርቆ፣ አፉ ከመሬት ቢያንስ ሁለት ስንዝር ከፍ ብሎ ይቸከል። በየቀኑ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በማስመሪያ ይለካና ይደፋ። ካልደፋችሁት የትናንቱ ከዛሬው ይቀላቀላል፣ በጋ ላይ ደግሞ ይተናል። ለአበባው አሥር ዛፍ ምረጡ፦ አራት ጌተም፣ ሁለት ብሳና፣ ሁለት ግራዋ፣ አንድ ዋንዛ፣ አንድ ቡና። ቁጥር ቀቡባቸው። በየአምስት ቀኑ አንድ ሰው ይዙርና ከአራቱ አንዱን ቃል ይጻፍ፦ እምቡጥ፣ ጀመረ፣ ሞላ፣ ረገፈ። ይኸው ነው። ተማሪ ልጅ ይሠራዋል፣ ደስም ይለዋል። ሦስት ዓመት ሲሞላ ዝናቡ ከጀመረ ስንት ቀን በኋላ ጌተም እንደሚያብብ ይታያል፤ ያኔ ቀፎው ከአበባው ሁለት ወር ቀድሞ እንዲሰቀል፣ ውስጡም በጢስ እንዲታጠን ጊዜ ይገኛል። ለገዢውም "ዘንድሮ በዚህ ሰሞን" ማለት ይቻላል።

መዝገቡ አንድ ያልጠበቅነውን ነገር አሳየን። ጌተም አብዛኛውን ጊዜ ሕይወቱን የሚጀምረው መሬት ላይ አይደለም፤ ወፍ የጣለችው ዘር በሌላ ትልቅ ዛፍ የቅርንጫፍ መጋጠሚያ ላይ፣ እፍኝ በማይሞላ አፈርና ሽበት ውስጥ ይበቅልና ሥሩን ቀስ እያለ ወደ መሬት ይለቃል። ምልክት ካደረግንባቸው ጌተሞች አጠገብ ያረጀ ዛፍ በተቆረጠበት ቦታ ሁሉ ታናሽ ጌተም አልነበረም። ለጣውላ ወይም ለማገዶ "አርጅቷል፣ ፍሬ የለውም" ተብሎ የሚቆረጠው ዛፍ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚቆረጠውን ነጭ ማር ትከሻው ላይ ይዞ ነበር። አሁን ማኅበሮቹ በዙር ሲወጡ ቀና ብለው ያያሉ፤ ከቅርንጫፎቹ መጋጠሚያ ላይ የጌተም ቅጠል ብቅ ያለበት ዛፍ ግንዱ ላይ የነጭ ቀለም ቀለበት ይደረግበታል፣ ቁጥሩም ከቀፎዎቹ ቁጥር ጎን በዚያው መዝገብ ይገባል።